ሚስት ያለው ጳጳስ

አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ነሐሴ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለብፁዕ አባታችን ለአቡነ ባሕሩ፣ ሊቀ ጳጳስ ዘስቶክሆልም ወዘሁስቢ፤

ቡራኬዎ ይድረሰንና፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? መንበረ ጵጵስናዎስ እንደምን ከርሟል? ባለቤትዎ ሔዋን፣ ልጅዎ ልደታ ደኅና ናቸው? ጳጳስ ሚስትና ልጅ እንደሚኖረው ስላልተማርኩ ሰላምታውን የት ቦታ እንደማስገባው ቸግሮኛል፤ ይቅር ይበሉኝ።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጆሮዬ እንደሚያውቁት ከዓመት ዓመት እየከዳኝ ነው፤ ስልክ ሳነሣ የሚሰማኝ የንብ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ልማዳችን በእጄ እጽፋለሁ፤ ጎረቤቴ ዘመናይ በስልኳ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልዎታለች። ዓይኔ ግን አልከዳኝም። ይህን የምልዎት በምክንያት ነው።

ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ የሰፈሩ ሴቶች አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ያወራሉ። ሲያዩኝ ዝም አሉ። ሲወራ ባልሰማም ዝም ሲባል አያለሁ። ስልኩን ተቀብዬ ተመለከትኩ። ነጠላ ያጣፉ አሮጊት ጎንበስ ብለው የሰው እጅ ይስማሉ። የሚሳመው እጅ የማን ይመስልዎታል? በልጅነቱ ጥፍሩን እየቆረጥኩ ያሳደግሁት እጅ! ከሥሩ «ሚስት ያለው ጳጳስ በስቶክሆልም ተገኘ» የሚል ተጽፎበታል። ቀጥሎ የምርጫ ወረቀት መጣ፤ በአማርኛ «ጳጳስ ባሕሩን ይምረጡ! ለጳጳስ ባሕሩ መስቀል ያድርጉ!» ይላል። ሴቶቹ ፊቴን ያዩ ነበር። ነጠላዬን አስተካክዬ «እኔ አላውቀውም» ብዬ ሄድኩ። ጴጥሮስም እንዲህ ብሎ ነበር፤ እሱ ግን ወዲያው አለቀሰ፤ እኔ ቤቴ ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

እናታችን ስታርፍ ገና ፊደል እንኳ አልለዩም ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግሁዎት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ» ስልዎት ኖሬአለሁ። የአባቶችዎን ሃይማኖት ትተው ሞርሞን የሚባለው ዘንድ ገባሁ ሲሉኝ አኩርፌ ነበር፤ ተመልሼ ግን «አንተ» አልኩ። አሁን ግን ጳጳስ «አንተ» አይባልም። በእኛ አገር ጳጳስ አንቱ ነው። ይኸው አንቱ ብያለሁ፤ እስክሞትም አንቱ እልዎታለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ጳጳስ ነዎት ወይስ አይደሉም? ከሆኑስ ከመቼ ጀምሮ? ሁለተኛውን ሲመልሱ ይጠንቀቁ።

ይፍቱኝ፣ አባቴ።
እህትዎ ሸዋሉል


ስቶክሆልም፣ ሁስቢ
ነሐሴ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ሸዋሉል፤

ለከበረው ጤንነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደኅና ነን። ሔዋን ደብዳቤዎን አንብባ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ «መንበረ ጵጵስና» ያሉትን ቤቱ ውስጥ ያለው አሮጌ ሶፋ ላይ አውላዋለች፤ አሁን «ከመንበርህ ተነሥና ዕቃ እጠብ» ነው የምትለኝ። ልደታ «ፋስተር ለምንድን ነው የተናደደችው?» አለችኝ፣ በስዊድንኛ። አክስት ማለቷ ነው። አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሱ ግን እንደሚያውቁት በስዊድንኛ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልግባ። ጳጳስ አይደለሁም። ቢስኮፕ ነኝ። ስዊድኖቹ ለሁሉም ያላቸው ይህ አንድ ቃል ነው፤ የሉተራኑንም የካቶሊኩንም የእኛንም በእሱ ይጠራሉ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን በየሰፈሩ በደመወዝ የሚያድር ካህን የላትም። ቢስኮፕ ማለት ቀን እንጀራውን ሠርቶ፣ ማታና እሑድ የአንድ አካባቢ ምእመናንን የሚጠብቅ ሰው ነው። ባለትዳር ካልሆነ ጭራሽ አይሾምም። ጥቂት ዓመት አገልግሎ ለሌላ ያስረክብና ተመልሶ እንደማንም ምእመን ይቀመጣል። ቆብ የለው፣ ካባ የለው። መስቀል እንኳ አንይዝም፣ እትዬ። ጉዱ ይኸውልዎ፦ መስቀል የማይይዝ ሰው ነው መስቀል አሳለመ የተባለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለከተማው ምክር ቤት እንደምወዳደር ያውቃሉ። ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚሮጠው ከፍያለው ነው፤ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ በሃይማኖቱ እንደ እርስዎ ነው፣ ፍልሰታን ዓሣ እንኳ ሳይነካ ይጾማል። የስዊድንኛውን ወረቀት ወደ አማርኛ የመለሰው እሱ ነው። ስዊድንኛው መጨረሻ ላይ «በቤተ ክርስቲያኔ ቢስኮፕ ሆኜ አገለግላለሁ» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ከፍያለው «የኛ ሰው ትልቁን ነገር አስቀድመህ ካልነገርከው አያነብም» ብሎ አናት ላይ ሰቀላት። እዚህ ደግሞ ከፓርቲው ዝርዝር ውስጥ የሚፈልጉት ሰው ስም አጠገብ ባለች ሣጥን የኤክስ ምልክት ይደረጋል፤ ክሪስ ይሉታል። ክሪስ መስቀል ነው አለና ጻፈው። እኔም ኪስታ የኤሌክትሪክ ሥራዬ ላይ ነበርኩ፤ በስልክ ላከልኝ፤ ሳላነብ «ግሩም ነው» አልኩት።

እማማ ፅጌረዳ የሁስቢ ጡረተኛ ናቸው። ኪስታ የገበያው በር ላይ የምርጫ ጎጆ አለችን፤ እዚያ ቆሜ ወረቀት ሳድል መጡና ጎንበስ ብለው «መስቀል» አሉኝ። እኔ ምልክቱ እንዴት እንደሚደረግ አሳየኝ ያሉኝ መስሎኝ እስክሪብቶዬን ዘረጋሁላቸው። ተቀብለው ሳሙት። ግንባራቸውንም አስነኩት። ይህን ጊዜ አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሣን። እጄን አይደለም የሳሙት፣ እትዬ። የፓርቲያችን አርማ ያለበት የፕላስቲክ እስክሪብቶ ነው።

በማግስቱ ከበላዬ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ኃላፊ ደወለልኝ። እንደ ዜጋ መወዳደሬን ማንም አይከለክለኝም፤ በሹመቴ ስም ድምፅ መለመን ግን አይገባም፣ ቤተ ክርስቲያን ለማንም ፓርቲ አትወግንም አለኝ። እውነቱን ነው። የፓርቲያችን ቅስቀሳ ኃላፊ በበኩሏ ደስታዋን አልቻለችውም፤ «ስለ አንድ እጩ ይህን ያህል ተወርቶ አያውቅም፣ እንዳትነካው!» ትለኛለች። ወረቀቱን ግን ሁሉንም አስሰበሰብኩት። ከምርጫው አልወጣም፤ አሸንፋለሁም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የምወዳደርበትን ጉዳይ ስለማውቀው ነው።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ። ቢስኮፕ ከሆንኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በጻፍኩልዎ ቁጥር «በሚቀጥለው እነግራቸዋለሁ» እያልኩ እዚህ ደረስኩ። ሕዝብ ፊት ቆሜ ስናገር የማይፈራ ልቤ እርስዎን ይፈራል። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሌላ የምለምንዎት የለኝም፤ «አንተ» ይበሉኝ። ይህ «አንቱ» ቤት አልባ አድርጎኛል።

ታናሽ ወንድምዎ ባሕሩ


አዲስ አበባ
ነሐሴ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ባሕሩ፤

«አቶ» ያልኩት ጳጳስ አለመሆንዎን ስላመንኩ ነው። ከጵጵስና ወደ አቶነት ወርደዋል፤ ከዚያ በታች ለመውረድ ገና ነዎት። ጾሙ ተፈቷል፣ ቁጣዬ ግን አልተፈታም።

ስለ ጆሮ ሐኪሙ በመልእክት ለጠየቁኝ፦ አልሄድኩም፣ አልሄድምም። ከሚወራው ውስጥ የምሰማው ይበቃኛል። ስለ ሥራዬ ዘመናይን በጎን መጠየቅዎንም ደርሼበታለሁ። አዎ፣ ከግንቦት ወዲህ ሥራ በዝቶብኛል። ምን እንደሆነ አልነግርዎትም። እርስዎ አራት ዓመት ከያዙ እኔ አራት ወር ብይዝ ምን አለበት?

ስለ ከፍያለው አንድ ነገር ልበል፤ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ አስተምሬአለሁና ዝም ማለት አልችልም። ቃልን ቃል በቃል የሚመልስ ሰው አውቶቡሱን ይንዳ። ይሁንና እሱ የማያውቀውን ነው የተሳሳተው። ሳያነቡ «ግሩም ነው» ያሉት ይብሳሉ። ክፍል ውስጥ ቢሆን ለእሱ ማለፊያ፣ ለእርስዎ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ እያልኩ ያሳደግሁት ልጅ ቀን ኪስታ ከኮረንቲ ጋር ውሎ ማታ ፖለቲካ ይጨብጣል። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ! ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ቢስኮፕነቱም ይሁን ምርጫው፣ ለመሆኑ ምንድን ነው የሚሠሩት? ምን እንደሚያምኑ አልጠየቅሁም። ባለፉት ቀናት በእጅዎ የሠሩትን ይጻፉልኝ። ስብከት ከጨመሩበት አላነበውም።

የዘመናይ እናት ወይዘሮ ተጂቱ ታመዋል፤ በጣም ደክመዋል። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ እርስዎ ሲያውቋቸው እንደኛው ነበሩ። ይህን ወረቀት ፎቶ የምታነሣው ዘመናይ ስለሆነች፣ ለእናትሽ ምሕረት ይላክልሽ ብዬ እዚሁ ልጻፍላት። አሜን በይ፣ ዘመናይ።

ሸዋሉል


ስቶክሆልም፣ ሁስቢ
ነሐሴ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ሸዋሉል፤

እንደምን ሰነበቱ? ለወይዘሮ ተጂቱ እኛም ጸልየናል፤ ልጅ ሳለሁ በአጥራቸው ሾልኬ ስገባ አይተው እንዳላዩ ያልፉኝ ነበር። «አቶ» በመባሌም አመሰግናለሁ፤ ቁልቁል መሄዴ ተስፋ ሰጥቶኛል።

የሠሩትን ይጻፉልኝ ብለዋል፤ ያለ ስብከት እነግርዎታለሁ። ከእኛ ምእመናን አንዲት አሮጊት ቤት ሲቀይሩ ሶፋ ተሸከምኩ፣ ወገቤን እስካሁን ይዞኛል። ሥራ ያጣ ወጣት ይዤ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። ሆስፒታል ሄድኩ። ባልና ሚስት አስታረቅሁ፣ ሁለቱም አሁን እኔን አኩርፈዋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የቶሎሳን ነገር ልንገርዎ።

ቶሎሳ ሶደርተልየ ከተማ የጭነት መኪና ፋብሪካ የሚሠራ፣ ከእኛ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ነበር። ድንገት ወድቆ ሞተ። የእናንተ ሃይማኖት ሰው ነው፤ ባለቤቱ ሚካልም እንዲሁ። ለቅሶ ደራሹ ቤቱን ሞልቶ በደረጃው እስከ ምድር ቤት ወረደ። እዚህ ለቅሶ የሚባል ነገር ድምፁ አይሰማም፣ እትዬ፤ ከታች ያሉት ሰዎች ደንግጠው ፖሊስ ጠሩ። ከሕንፃው ሥር አዳራሽ አለ፣ ያን ሳምንት ባዶውን ነበር። ለሚያከራዩት ደወልኩ። ሦስት ሳምንት ቀድሞ መመዝገብ ነው ደንቡ አሉኝ። «ሞት ሦስት ሳምንት ቀድሞ አይመዘገብም» አልኳት ሴትዮዋን። «አውቃለሁ፣ ግን ደንቡ ነው» አለችኝ፤ ከልቧ አዝናለች።

ምን አደረግን መሰለዎ? እዚህ በየሕንፃው ሥር ነዋሪ ሁሉ በተራ ልብስ የሚያጥብበት ክፍል አለ፤ ትቬትስቱጋ ይሉታል። የእጥበት ተራ እዚህ አገር ከርስት በላይ ነው፤ በተራው ከገባበት ጎረቤት ጋር ተጣልቶ የማያውቅ የለም። የእኔ ተራ በማግስቱ ነበር። ሰጠሁ። ሔዋን በየደጁ እያንኳኳች የሌሎቹን ለመነች፤ የጀርባ ጎረቤታችን ስዊድናዊ ሽማግሌ ሳይቀሩ ቁልፋቸውን ሰጧት። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ተሸክመን አመጣን። ሚካል በማጠቢያና በማድረቂያ መኪናዎች መሐል ተቀምጣ ባሏን አለቀሰች። የሳሙና ሽታ ነበር። ሰዎቹ ቡና ሲያቀርቡልኝ፣ በእኛ እምነት ቡና አይጠጣምና እንደ ልማዴ ውሃ ጠጣሁ፤ ከፍያለው በለቅሶው መሐል «ቡና እንኳ የማይጠጣ ጳጳስ!» ብሎ አሳቃቸው። ሚካልም ሳቀች።

የምወዳደረው ለዚህ ነው። በየሰፈሩ፣ ሰው በሞተበት ዕለት፣ ሃይማኖት ሳይጠየቅ የሚከፈት አንድ አዳራሽ። ከተማው ክፍሎቹ አሉት፤ የሚጎድለው ደንቡን የሚቀይር ሰው ነው።

አሁን ምክር እፈልጋለሁ። የሁስቢ ሐበሾች ማኅበር ጳጉሜን 3 ይሰበሰባል። ሰብሳቢው ጋሽ ባዩ «አንድ ጥያቄ ብቻ አለን፤ መጥተህ ትመልሳለህ» ብለውኛል። ጥያቄውን እርስዎም ያውቁታል። ከፍያለው ይመክረኛል፦ «ጳጳስ አይደለሁም፣ የትርጉም ስሕተት ነው በልና ዝጋው። ቢስኮፕ፣ ሞርሞን፣ ምናምን አታንሣ። ምርጫው ሲያልፍ ትነግራቸዋለህ።» ክፉ ምክር አይደለም፤ ውሸትም የለበትም። ድምፃቸው ከሌለኝ አልገባም። ልቤ ግን እንቢ ይላል። ምን ብዬ ልጥራ ራሴን? ለእኔ የሚሆን የአማርኛ ቃል አጣሁ። እርስዎ ቃል አጥተው አያውቁም።

ባሕሩ


አዲስ አበባ
ጳጉሜን 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ባሕሩ፤

ወይዘሮ ተጂቱ ዐርፈዋል። ይህን ደብዳቤ ዘመናይ ሳትሆን የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ነው የሚልክልዎ፤ ዘመናይ ሐዘን ላይ ናት።

አልነግርዎትም ያልኩትን አሁን ልንገርዎ፤ ያለዚያ የምሰጥዎትን ቃል አይረዱትም። ከግንቦት ጀምሮ የእድራችን ዳኛ ነኝ። አዎን፣ አባታችን የተቀመጠበት ወንበር ላይ። ሴት በመሆኔ ሲንጫጩ ከረሙ፤ እኔ ስለማልሰማ እነሱ ደከሙ። አሁን «ጥሩ ዳኛ ናት፣ ሐሜት አይገባትም» ይላሉ። ጉዳዩን በጽሑፍ ያመጣ ይፈረድለታል፤ የሚጮህ ይጩህ። ያልነገርኩዎት ፖለቲካን በሩቁ ስልዎት ኖሬ እኔው ለምርጫ በመቆሜ አፍሬ ነው።

የወይዘሮ ተጂቱ ዕለት ግማሹ አባል «ጴንጤ ናቸው፣ ፍትሐት የላቸው፤ ድንኳናችን እዚያ አይተከልም» አለ። በወረቀት ጽፈው፣ ፈርመው አመጡልኝ። እኔም ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ድንኳን ሃይማኖት የለውም፣ ሸራ ነው። ይተከል።» ተተከለ። ሁለት ቀን እዚያው ተቀመጥኩ። መዝሙራቸው አልተሰማኝም፤ ቢሰማኝም አልነሣም ነበር። ስፈርድ በልቤ የነበረው ማን እንደሆነ አይጠይቁኝ።

እንግዲህ ወደ እርስዎ። ቢስኮፕ በአማርኛ ምንም አይደለም፤ የብስኩት ስም ነው የሚመስለው። ጳጳስ አይደሉም። ሰባኪም አይደሉም። የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩ። ዕቃ የሚሸከም፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ የተጣላ የሚያስታርቅና የሚኮረፍበት፣ ለሞተ ሰው ቦታ የሚፈልግ፣ ደመወዝ የሌለው፣ ጊዜው ሲደርስ ወርዶ ከሰው ጋር የሚቀመጥ። ልጄ፣ ለዚህ እኮ ቃል አለን! አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራበት ኖሯል። የእድር ዳኛ ነዎት። ያ ልብስ ማጠቢያ ቤት ደግሞ ድንኳን ነው።

ይህን ቃል ይዘው ይሂዱ። ነገር ግን የከፍያለውን ምክር ከሰሙ ቃሌን ይመልሱልኝ። «ጳጳስ አይደለሁም» ብሎ መቀመጥ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ከልብስ ሁሉ አጭር ነው፣ እግር ሲሸፍን ራስ ይገልጣል። ቆመው የሆኑትን ሁሉ ይናገሩ፤ ቤተ ክርስቲያንዎን በስሟ ይጥሩ። እኔን ያሳመመኝ ጵጵስናው አይደለም፣ አራት ዓመት መደበቅዎ ነው። ለጋሽ ባዩ ከደበቁ ለእኔም ነገ ይደብቁኛል። ምርጫው ከቀረብዎ ይቅር፤ የሚቀጥለው ከአራት ዓመት በኋላ ይመጣል። እኔ ግን ልመጣ ወይም ላልመጣ እችላለሁ።

እስከዚያው አንቱ ነዎት። ለነገሩ ዳኛም አንቱ ነው የሚባለው።

ሸዋሉል፣ የእድሩ ዳኛ


ስቶክሆልም፣ ሁስቢ
መስከረም 6 ቀን 2019 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ፣ ለክብርት ዳኛችን፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገርዎ! ለዘመናይ እግዚአብሔር ያጽናሽ ይበሉልኝ። የእርስዎን ሹመት የሰማች ቀን ልደታ «ፋስተር ቫን!» ብላ ሶፋው ላይ ዘለለች፤ አክስቴ አሸነፈች ማለቷ ነው። እኔ ግን ለብቻዬ ወጥቼ አለቀስኩ። የአባታችን ወንበር ላይ ተቀምጠው አየሁዎት።

ስብሰባው ሆነ። ጋሽ ባዩ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። ተነሥቼ ጳጳስ አይደለሁም አልኩ። ከፍያለው «በቃ፣ ተቀመጥ» ብሎ ኮቴን ጎተተኝ። አልተቀመጥኩም። የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፣ ሰዎች ሞርሞን የሚሉን፤ እዚያ ቢስኮፕ ነኝ፤ በእሱ ስም ድምፅ አልጠይቃችሁም፣ ደብቄም አልጠይቃችሁም አልኩ። ቢስኮፕ በእኛ ቋንቋ ምን እንደሆነ እህቴን ጠየቅኋት፣ የእድር ዳኛ ነው አለችኝ፤ እኔም እዚህ የጎደለን እሱ ነው እላለሁ አልኩ።

እንደ ተረት ሁሉም አጨበጨበ ብዬ አልዋሽዎትም። የተወሰኑት ተነሥተው ወጡ፤ አንዱ በሩን በኃይል ዘጋው። ጋሽ ባዩ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ያኔ እማማ ፅጌረዳ ከኋላ ተነሡ። «ቆይ፣ እኔ ታዲያ የሳምኩት ምንድን ነው?»

«እስክሪብቶ ነው፣ እማማ።»

«መድኃኔ ዓለም ይይልህ! በሳምኩት ዕለት አትናገርም ነበር?»

«ደንግጬ ነው።»

«በል አምጣው።»

ሰጠኋቸው። ከቦርሳቸው ያንን የምርጫ ወረቀት አወጡ፤ አስቀርተውት ኖሯል። ጳጳስ የሚለው ቃል ላይ ትልቅ ኤክስ አደረጉበት። «መስቀል አድርጊ አላላችሁም? ይኸው አደረግሁ» ብለው ወረቀቱን ለከፍያለው ሰጡትና «በአማርኛ ጻፈው አሁን» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሚካልም ቆማ፣ ባሏን ልብስ ማጠቢያ ቤት እንዳለቀሰች፣ ያን ቀን ወንበር የተሸከመላትን ሰው ሃይማኖቱን እንዳልጠየቀች ተናገረች። ከዚያ በኋላ የወጣ ሰው የለም።

ከፍያለው ያን ወረቀት ይዞ ሄዶ አዲስ ጻፈ። «የእድር ዳኛ ባሕሩ። ከስሙ ጎን የኤክስ ምልክት ያድርጉ።» በዚህ ጊዜ አነበብኩት፣ ሁለት ጊዜ። የቅስቀሳ ኃላፊያችን እድር ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። በስዊድንኛ አንድ ቃል አጣሁለት፤ ብዙ አወራሁ። ስጨርስ «አያቴ ሳለች የእኛም ሰፈር እንዲህ ነበር» አለችኝ።

ምርጫው አልፏል፤ በስም የተሰጠው ድምፅ ግን ተቆጥሮ አላለቀም። እንደገባሁ አልጠራጠርም። ይህን ልበ ሙሉነት ከማን እንደወረስኩት ያውቁታል። የሆንኩትን ሁሉ ተናግሬአለሁ፣ እትዬ። አሁንስ?

ባሕሩ


ስቶክሆልም
መስከረም 14 ቀን 2019 ዓ.ም.

እትዬ፣ ገባሁ።

ባሕሩ


አዲስ አበባ
መስከረም 18 ቀን 2019 ዓ.ም.

አንተ ባሕሩ፤

እንደምን ነህ? ሔዋንና ልደታ ደኅና ናቸው? ልደታን «አክስትሽ አማርኛውን ካልመለስሽላት ደብዳቤ አትጽፍልሽም ብላለች» በላት። ሔዋንን ሳምልኝ፤ ያን ሁሉ ቁልፍ ስትለምን በዓይኔ ያየኋት ያህል ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ዘመናይም እየበረታች ነው፤ ይህን ፎቶ የምታነሣው እሷ ናት። «ገባሁ» ያልካትን አንዲት ቃል ለሰፈሩ ሁሉ እያዞረች አሳይታለች፤ እኔ ብዙ የሚጽፍ ልጅ ነበር ያሳደግሁት፤ ሹመት ሲመጣ ቃል ያጥራል ልበል?

ትናንት የደመራውን አመድ ልቆነጥር ወጥቼ ያቺ ስልኳን ያሳየችኝን ሴት አገኘኋት። ፊቴ ቆማ፣ እንድሰማት አፏን ከፍታ፣ «ያ ጳጳስ ወንድምሽ እንዴት ነው?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ አላውቀውም አላልኩም።

«ወንድሜ ጳጳስ አይደለም» አልኳት። «የእድር ዳኛ ነው።»

«የየትኛው እድር?»

«የስቶክሆልም።»

«ስቶክሆልም ከተማ አይደል እንዴ?»

«ነዋ። የከተማው።»

«ታዲያ ድንኳን አላቸው?» አለችኝ። ሊተክልላቸው ነው የገባው አልኳት። ዋሸሁ እንዴ? እንግዲህ ቃሌን አስከብርልኝ። ደንቡን ሳታስቀይር አራት ዓመት ቢያልቅ ግን አንቱ የማልልህ እንዳይመስልህ፤ ቃሉ ገና እጄ ላይ ነው።

በሃይማኖትህ እንዳልተስማማሁ ታውቃለህ፤ አልስማማምም። ሁልጊዜም ስለ አንተ ስለት አለብኝ፤ የምሳለውም ለማን እንደሆነ ታውቃለህ፣ አትከፋብኝ። የሆንከውን ሁሉ ቆመህ ተናገርክ፤ አባታችን ቢኖር ይኮራ ነበር። እኔም ኮርቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ለገና እመጣለሁ ብለሃል። ና። ምን ላምጣ ላልከኝ ምንም አታምጣ፤ ያንን እስክሪብቶ ግን እማማ ፅጌረዳ ከመለሱልህ ይዘኸው ና፤ ልየው። በር ላይ ስትደርስ አታንኳኳ፤ እኔ እንደሆንኩ አልሰማህም። የሚያንኳኳው እንግዳና ባለማዕረግ ነው። አንተ ዝም ብለህ ግባ።

እህትህ ሸዋሉል